ስንት ደቂቃ? በሳምንት ስንት ቀን? ንገሩን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። መምህር ነኝ። የስኳር ክትትል አለኝ፤ እህቴ ደግሞ ግፊት አለባት። ስለዚህ የአካል እንቅስቃሴ ነገር ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም፣ የየቀኑ ኑሯችን ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለልብ ወይም ለውፍረት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ሁሉ ሲወጣ አንድ ምክር ይዞ ይወጣል፦ «እንቅስቃሴ አድርግ»። አለቀ። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ? ለስንት ደቂቃ? በሳምንት ስንት ቀን? ምን ያህል ፈጠን ብዬ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? መቼ ነው መተው ያለብኝ? ይህን ቁጭ አድርጎ የሚነግረን የለም። ኪኒን ሲታዘዝ ግን እንዲህ አይደለም። «መድኃኒት ቢጤ ዋጥ ዋጥ አድርግ» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም አላየሁም። ሚሊግራሙ ይጻፋል፣ ጧት አንድ ማታ አንድ ይባላል፣ መድኃኒት ቤት ስንደርስ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ይሰመርበታል። እንቅስቃሴም መድኃኒት ነው ካላችሁን መጠኑን ጻፉልን።

ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። ወረፋውን እናውቀዋለን፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን የምንውለው እኛ ነን። አንድ ሐኪም በአንድ ጧት ስንት ሰው እንደሚያይ በዓይናችን እናያለን። ግን መጠኑን ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ነርሷም ልትነግር ትችላለች፣ በክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር ሊጨመር ይችላል።

መጠኑ የታወቀ ነው እኮ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። በዚያ ላይ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይሥራ። ዕድሜው 65 ያለፈ ሰው ደግሞ እንዳይወድቅ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምር። ይህ ለጤነኛ ብቻ የተባለ እንዳይመስላችሁ። መመሪያው ግፊት ያለበትን፣ ሁለተኛውን ዓይነት ስኳር የያዘውን፣ ከካንሰር የተረፈውን፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለውን ሁሉ ለብቻ አንስቶ ይመክራል።

150 ደቂቃ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ለአምስት ቀን ስትካፈል በቀን 30 ደቂቃ ናት። በአንድ ጊዜ መሆንም የለባትም፤ ድሮ ቢያንስ አሥር አሥር ደቂቃ መሆን አለበት ይባል ነበር፣ አሁን እሱም ቀርቷል፣ አጭሯም ትቆጠራለች። መካከለኛ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ መለካት ይቻላል። እየሄድክ ከጓደኛህ ጋር ማውራት ትችላለህ፣ መዝሙር ልዘምር ብትል ግን ትንፋሽህ ይቆራረጣል። እሷ ናት። መዘመር ከቻልክ ፈጠን በል፤ ማውራትም ካቃተህ ረገብ አድርግ። ሰዓትም መሣሪያም አይጠይቅም።

ለምን ይሠራል? ይህችን ትንሽ ልዘርዝራት፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይተወውም ብዬ ስለማምን። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ዋናው ችግር ኢንሱሊን እያለ ሴሎቻችን አለመስማታቸው ነው። ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ግን ኢንሱሊን ባይጠራውም ስኳሩን ከደም ስቦ ይወስዳል። ይኸው ነው። በዚያ ላይ ከእንቅስቃሴው በኋላ ሰውነት ኢንሱሊንን የሚሰማበት አቅም ለአንድ ቀን ወይም ለሁለት ቀን ያህል ይሻሻላል። ስለዚህ ነው ለስኳር ሕመምተኛ ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ አትቀመጥ የሚባለው። እሑድ ብቻ ኳስ ሜዳ ወርዶ ሲሮጥ ማርፈድና ሳምንቱን ሙሉ መቀመጥ ከምንም ይሻላል እንጂ፣ ለስኳር በየቀኑ የምትደረግ ትንሽ እርምጃ ትበልጣለች። ከምሳና ከእራት በኋላ የአሥር ደቂቃ ዎክ እንኳ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ታበርደዋለች።

ግፊትም እንዲሁ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ዘወትር ሲንቀሳቀስ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ነጥብ ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? አይደለም። ይህ ከአንዳንድ የግፊት ኪኒን ሥራ ጋር የሚቀራረብ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂ 16 የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። ስትሮክ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ደግሞ ሁላችንም ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን እንሰማለን።

ማስረጃው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ያጠናበትን ውጤት አወጣ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ቲኬት ቆራጩ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ መስመር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የልብ ሕመም በብዛት የተገኘው ሹፌሮቹ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቻይና ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ 577 ሰዎች ላይ ጥናት ተጀመረ። እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የተመደቡት በስድስት ዓመት ውስጥ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ46 በመቶ ቀነሰ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። አመጋገባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የዋጡት በ31 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ገና ያልያዛቸው ሰዎች ናቸው። የያዘው ሰው ይህን አንብቦ ኪኒኑን እንዳይጥል። እኔም ሜትፎርሚኔን እየዋጥኩ ነው የምሄደው።

አሁን ስለ ውፍረት። እዚህ ላይ ሰው እንዳይታለል እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በፌስቡክና በቲክቶክ «በሁለት ሳምንት ቦርጭ ቻው» የሚሉት በዝተዋል። እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያወርድም። የግማሽ ሰዓት ዎክ የሚያቃጥለው ጉልበት አንድ ጠርሙስ ቢራ ወይም አንድ ለስላሳ ከሚሰጠው ብዙም አይበልጥም። አንድ ሙሉ እንጀራማ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሄጄ መጣሁ ብሎ በዚያው ሁለት ቢራ የሚጠጣ ሰው ሚዛኑ ላይ ለውጥ አያይም። ኪሎ የሚቀንሰው በዋናነት ማዕዱ ነው።

ታዲያ ምን አደከመን የሚል ይኖራል። ብዙ ምክንያት አለ። አንደኛ፣ በአመጋገብ የወረደ ኪሎ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚይዘው እንቅስቃሴ ነው። ደግሞም ሚዛኑ ንቅንቅ ባይል እንኳ ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የተቀመጠው ስብ ይቀንሳል። ክፉው ስብ እሱ ነው፤ ለስኳሩም ለልቡም የሚያደርሰን። ስለዚህ ሚዛን ላይ ከመውጣት ይልቅ ወገባችሁን በሜትር ለኩ። የወንድ ወገብ ከ102 ሴንቲ ሜትር፣ የሴት ከ88 ካለፈ አደጋው ከፍ ያለ ነው ይባላል። አደጋውን ለመቀነስም የግድ ቀጭን መሆን የለብንም። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት በመቶ ቀነሰ ማለት አራት ኪሎ ተኩል ነው። ግፊቱና ስኳሩ ላይ ለውጥ ለማየት ያቺ ትበቃለች።

ወደ እኛው ወደ ጎጃም ልምጣ። አባቶቻችን «ስፖርት» የሚባል ነገር አያውቁም፣ አያስፈልጋቸውም ነበር። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚታረስ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። አረም አለ፣ አጨዳ አለ፣ ውቂያ አለ። ለገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄዶ፣ ሸክሙን አራግፎ፣ በዚያው ቀን መመለስ ነበር። ያ ሰው ያን ሁሉ እንጀራ ቢበላ ያቃጥለዋል። እኛ ልጆቹ ከተማ ገባን፣ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ሁለት ፌርማታ ለማትሞላ መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። ትሪው ግን አልተቀየረም። የአራሹን ምግብ እየበላን የጸሐፊ ሥራ እንሠራለን። የዘይቱና የስኳሩ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ከአባቶቻችንም በለጥን። አንድ ትውልድ ሳይሞላ የመጣ ለውጥ ነው፣ ሰውነታችን አልደረሰበትም።

ሌላው ችግር አስተሳሰባችን ነው። ወፈር ያለ ሰው ስናይ «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» እንላለን። ቀነስ ያለ ሰው ስናይ «ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?» እንላለን። እህቴ በሐኪም ትእዛዝ ክብደቷን መቀነስ ስትጀምር ጎረቤት ሁሉ ምን ሆንሽ እያለ አስጨነቃት። ከንፈር መጠጡላት። ሰው ለጤናው ደክሞ ያመጣው ለውጥ እንደ በሽታ ሲታይበት ይተወዋል። እባካችሁ ይህን እንተው። የከሳ ሰው ካሳሰባችሁ ብቻውን ጠይቁት፣ መንገድ ላይ አታስደንግጡት።

የሴቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። ወንድ ልጅ ቱታ ለብሶ ቢሮጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሃምሳ ዓመት እናት ሸራ ጫማ አድርጋ ፈጠን ፈጠን ስትል ግን «በዚህ ዕድሜዋ!» ይባልላታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአገራችን ሴቶች ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 3 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት 8 በመቶ ደርሰዋል። ይህም ገጠሩን ጨምሮ ነው፣ የከተማው ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «ቀኑን ሙሉ ቤት ስሠራ እውል የለ» ይላሉ እናቶች፣ እውነታቸውን ነው፣ ይደክማሉ። ውሃ መቅዳት፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ቤት መወልወል ትንፋሽ እስከጨመረ ድረስ ይቆጠራል። ምጣድ ሥር መቀመጥና ምድጃ አጠገብ መቆም ግን ድካም ነው እንጂ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ አይደለም። ቱታ ግዴታ አይደለም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆነው መሄድ ይችላሉ፤ አብሮ ሲኬድ ማንም አይናገርም፣ ጨዋታውም ያስረሳል።

የጸጥታውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ያለፈበትን ታውቃላችሁ። «ጧት በ11 ሰዓት ተነስተህ ሩጥ» የሚለው ምክር ለብዙዎቻችን የሚሆን አይደለም። ሲመሽ በጊዜ ቤት መግባት ያለበት ሰው ብዙ ነው። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒትም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ አለብን። ከወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ አርፎ መድገም። ግድግዳ እየገፉ ፑሽ አፕ። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ማንሳት፣ አምስት ኪሎ ነው፣ ከጂም ብረት በምንም አያንስም። ደጃፉ ላይ ደረጃ ካለ መውጣትና መውረድ። በግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መመላለስ። ልጆቹ ሙዚቃ ሲከፍቱ ተነስቶ ትከሻን መነቅነቅ፣ እስክስታ ለሩብ ሰዓት የጨፈረ ሰው ላቡን ያውቀዋል። በሕማማት ሰሞን የሚሰግዱ እናቶችና አባቶች ጉልበታቸውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስግደቱ ለጸሎት እንጂ ለስፖርት አይደለም፣ ግን ሰውነታቸው ይህን ማድረግ እንደሚችል ያሳየናል።

ጥንቃቄውን ደግሞ ማንም አይዝለለው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ቆሞ ጣፋጭ ነገር መቅመስ ነው። ኪሱ ከረሜላ ወይም ስኳር ሳይዝ አይውጣ። በተለይ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ረጅም መንገድ አይሂድ፤ ከማዕድ በኋላ ያድርገው፣ የመድኃኒቱንም ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ጠጠር ወግቶት የማያውቅበት ሰው አለ። ጫማው የማይጨምቅ፣ ካልሲው ንጹሕ ይሁን፣ ማታ ማታ እግሩን ይይ፣ የማይታየውን በኩል ልጅ ይይለት። በባዶ እግር አይሄድም። ግፊቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ይታከም። ደረት ላይ ጭንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ እዚያው ማቆምና ሐኪም ቤት መሄድ ነው፣ «ያልፋል» አይባልም።

ጉልበቴን ያመኛል ብለው የሚቀመጡም ብዙ ናቸው። የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ያለበት ሰው በልኩ ሲንቀሳቀስ ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ አይብስም። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቱን ይሸከምለታል። ቁልቁለቱን ይተውና ሜዳውን ይያዝ።

ሜዳውን ይያዝ አልኩ፣ ግን የት? ይህ የከተማ አስተዳደሮች ጉዳይ ነው። በከተሞቻችን የእግረኛ መንገዱ ላይ አሸዋና ድንጋይ ይቆለላል፣ ባጃጅ ይቆምበታል፣ ቦዩ ክዳን የለውም። የደነዘዘ እግር ያላቸው አሮጊት በዚያ እንዴት ይሂዱ? መሥራት እንደሚቻል ባሕር ዳር አይተናል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ባሕር ዳር ደግሞ ድሮም የብስክሌት ከተማ ናት። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ እንጅባራ ድልድይ አልጠየቁም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያልተዘጋ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት ያለው፣ በየመካከሉ ማረፊያ ያለው ቢያገኙ ብዙ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች ሲጀመሩ ሕዝቡ እንዴት ግር ብሎ እንደወጣ እናስታውሳለን። ሁኔታው በፈቀደ ጊዜ በየከተማችን በቋሚነት ቢደረግ ወጪው ገመድና ጥቂት ሰው ነው።

እድሮቻችንስ? እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ እሰየው ነው። በወር አንዴ ሲሰበሰብ የግፊት መለኪያ ያለው ጤና ባለሙያ ቢጋብዝ፣ ከስብሰባው በኋላም አባላቱ አብረው ግማሽ ሰዓት ቢሄዱ ምን ያግደዋል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ክትባት የሚናገሩትን ያህል በከተማው ስለዚህ ቢናገሩ ጥሩ ነው።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። ጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ አለውና አንድ ባለሙያ ጠይቃችሁ ሦስት ነገር አስጽፉልን። እግሩ የደነዘዘና ቁስል የነበረው የስኳር ሕመምተኛ መሄድ ካልቻለ ተቀምጦ የሚሠራው ምንድነው? ስኳሩ ዓይኑን የነካው ሰው ከባድ ነገር ማንሳት የሌለበት እስከ ምን ድረስ ነው? ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ የደከመ ሰውስ ቤተሰቡ እንዴት ያንቀሳቅሰው? ፊዚዮቴራፒስት በቅርብ የማያገኝ ሰው በየወረዳው አለ። ከተቻለ በሥዕል አድርጉት፣ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፈው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ